የተገኘ ዕቃ ሁሉ አይበርም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በአራት ሰዎች በኩል እኔ ዘንድ ደረሰ። ሁለቱ ላኪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ አራተኛዋ እኅቴ ስትሆን «ይህ ያንተ ነገር አይደለም እንዴ?» ብላ አክላበታለች። ነው እንጂ። ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ትንሽ አማተር ሳተላይት (የሬዲዮ አፍቃሪዎች ለራሳቸው የሚሠሩት ዓይነት) የመሥራት ሕልም የያዛቸው የአምስት ኪሎ ልጆች ጠረጴዛዬን ተጋርተውኛል። እዚህ ባልመልስ ቅዳሜ ሲመጡ ለየአንዳንዳቸው መመለሴ አይቀርም።

የጽሑፉ ባለቤት የሚሉትን ሳላጎድልና ሳላጣምም ላስቀምጥ። በአማተር ሳተላይት ሠሪዎች እጅ ያሉት ጥሩ የሰርኪዩት ንድፎች አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው፤ የሚጠይቋቸው ትራንዚስተሮችና ቺፖች ዛሬ ከፋብሪካ አይወጡም። ይህ ግን አያሳስብም፤ ዕቃዎቹ መርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ በሚሸጡ አሮጌ ቦርዶች ላይ አሉ። እንዲያውም አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ይጠነክራል፤ በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ትልልቅ ስለሆኑ የጠፈር ጨረር በቀላሉ አይበግራቸውም፤ ማስረጃዋ በ1974 የመጠቀችውና እስከ ዛሬ የምትሠራው ኦስካር 7 የተባለችው አማተር ሳተላይት ናት። ፎርጅድ ዕቃ ይገጥማል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፤ በቴስተር የሠራ ሠራ ነው። ንድፉ አንድ ጊዜ በርሮ ስለተመሰከረለት መነካት የለበትም፤ ያው ቁጥር ያለው ዕቃ እስኪገኝ መፈለግ ነው። በመጨረሻም አዲስ ዕቃ ማዘዝ የውጭ ምንዛሪ ማባከን ነው፤ የዕቃ መነሻ ወረቀት የሚጠይቁ ሰዎችም ወጣቱን ተስፋ ከማስቆረጥ በቀር ፋይዳ የላቸውም። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአምስቱ ነጥቦች ውስጥ ጭራሽ ውሸት የሆነ የለም። ጸሐፊው የተሳሳቱት ዕቃ ማግኘትንና የዕቃውን ታሪክ ማወቅን እንደ አንድ ነገር በመቁጠራቸው ነው። ምድር ላይ ለሚቀመጥ ሬዲዮ ማግኘቱ ይበቃል፤ ሲበላሽ ከፍቼ እቀይረዋለሁ። ወደ ላይ የሄደን ቦርድ ግን የመበየጃ ካውያ ይዞ የሚከተለው ሰው የለም።

በምናለሽ ተራ ልጀምር። ስፍራውን ለማያውቅ፦ ከተማው የጣለው ነገር እንደገና ዋጋ የሚያወጣበት የመርካቶ ክፍል ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ብረት፣ ጠርሙስና የተቃጠለ ቴፕ ዞሮ ዞሮ እንዲህ ያለ ተራ ላይ ያርፋል። እዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሀብት አለ ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኔም ደንበኛ ነኝ። ባለፈው ጥር ከአንድ ወፍራም ቴሌቪዥን የወጣ ቦርድ ይዘን መጣን። ከልጆቹ አንዷ የቲዩነሩን፣ ማለትም ጣቢያ የሚመርጠውን ክፍል፣ ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ክዳን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ፈልቅቃ አነሣችው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ውስጥ ቀጫጭን የመዳብ ጥቅልሎች ተደርድረዋል፤ ጥቂቶቹ ፋብሪካ ውስጥ ሲስተካከሉ ሆን ተብሎ ስለተለጠጡ ጎበጥ ጎበጥ ብለዋል። በመካከላቸው አራት እግር ያለው ባለሁለት ጌት ትራንዚስተር ተቀምጧል። የተሠራው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመቀበል ቢሆንም የአማተር ሳተላይቶች የሚያወሩባቸው 145 እና 435 ሜጋኸርዝ አካባቢዎች በሚሠራበት ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ነቀልነው፣ የምልክት ማጉያ ሠራንበት፣ ጣሪያ ላይ ካለው አንቴና ጋር አያያዝነው። እስከ ዛሬ ያገለግለናል።

ጸሐፊው ያላነሡትን እንኳ ልጨምርላቸው። በኳታሩ ኢስሃይል 2 ላይ ተጭኖ በኖቬምበር 15፣ 2018 የመጠቀው ኦስካር 100 የተባለው የአማተር ጣቢያ ከምድር ወገብ በላይ፣ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ቆሞ ይውላል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ወደ ምድር የሚልከው በ10,489 ሜጋኸርዝ ገደማ ስለሆነ ለቴሌቪዥን ዲሽ የተሠራ ተራ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት የሚቆመው መቀበያ) ይቀበለዋል። በአራት ኪሎና በፒያሳ ጣሪያዎች ላይ ዝገት የሚበላቸው ዲሾች ስንት ናቸው? አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ ስላለ ልጆቹ ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ለመማሪያ ከዚህ የረከሰና የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ምድር ላይ እስካለን ድረስ እንግዲህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምንለያየው ያንን የተነቀለ ትራንዚስተር ለበረራ በሚዘጋጅ ቦርድ ላይ እንጠቀም ሲሉ ነው። አንድ ሳተላይት አንድ ቦርድ ብቻ የለውም። ለፈተና የሚሠራ አለ፣ ለመምጠቅ የሚሠራ አለ፣ መጠባበቂያም አለ። የፈተናው ቦርድ ሙቀትና ብርድ ይፈራረቅበታል፣ ይናወጣል፣ አየር በሌለበት ይቆያል። ፈተናውን ማለፉ ለሁለተኛው ቦርድ ምስክር የሚሆነው ሁለቱ ላይ ያሉት ዕቃዎች ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ የምርት ምድብ ሲሆኑ ነው። ከአራት አሮጌ ቴሌቪዥኖች አራት ትራንዚስተር ስነቅል የያዝኩት አራት የማይተዋወቁ ዕቃዎችን ነው፤ አንዱ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የኖረ፣ ሌላው ጠጅ ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት ሲጮህ የኖረ። የአንዱ ጤና ስለ ሌላው ምንም አይነግረኝም።

የመንቀሉም ነገር አለ። የቺፕ የፕላስቲክ አካል ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ሦስት አራት የአዲስ አበባ ክረምት በክፍት ማዳበሪያ ውስጥ ያሳለፈ ቦርድ ምን ያህል እንደሚጠጣ ገምቱ። ድንገት የመበየጃውን ሊድ የሚያቀልጥ ሙቀት ሲነካው ያ ውኃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፕላስቲኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፈረንጆቹ ለዚህ ብልሽት ስም ያወጡለት ከፈንዲሻ ነው፤ ድምፁን የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። የሚያስፈራው ግን ሳይጮህ የሚሰነጠቀው ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይበትም፣ ጠረጴዛ ላይም ይሠራል። መከላከያው ከመንቀል በፊት በ125 ዲግሪ አንድ ቀን ያህል ማድረቅ ነው፣ ያውም ቦርዱ ላይ ያሉት ሌሎች ዕቃዎች የሚችሉት ከሆነ። ቦርድ እሳት ላይ ገልብጦ ዕቃውን የሚያራግፍ ልጅ ይህን ሁሉ ያደርጋል ብዬ አልጠብቅም፤ እንጀራው መዳብና ብረት መለየት ነው።

ወደ ኦስካር 7 ልለፍ። ታሪኳ እውነት ነው፤ ብቻ ጸሐፊው መካከለኛውን ገጽ ዘልለውታል። በኖቬምበር 15፣ 1974 መጠቀች። በ1981 ባትሪዋ ሾርት አደረገና ጸጥ አለች። ሃያ አንድ ዓመት ያህል ዝም ካለች በኋላ በጁን 2002 ድምፅዋ እንደገና ተሰማ፤ ሾርት ያደረገው ባትሪ በጊዜ ብዛት ውስጡ ተበጥሶ ስለተለያየ የፀሐይ ኃይሉ በባትሪው በኩል መፍሰሱን ትቶ ሬዲዮውን ማንቀሳቀስ ቻለ። አሁንም ፀሐይ ስታገኝ ትነሣለች፣ ጥላ ውስጥ ስትገባ ትጠፋለች። እኔም ስሰማት ደስ ይለኛል።

ይህ ግን ስለ አሮጌ ዕቃ ጥንካሬ ምን ይነግረናል? ኦስካር 7 ላይ የተገጠሙት ዕቃዎች በ1974 አሮጌ አልነበሩም፤ አዲስ ሆነው ገቡ፣ አብረዋት አረጁ። ሃምሳ ዓመት ምድር ላይ፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲዘዋወር የኖረ ትራንዚስተር ከነሱ ጋር የሚያገናኘው የልደት ዘመኑ ብቻ ነው። ደግሞ በመንደሩ አንዲት የመቶ ዓመት እናት ስላሉ «በዚያ ዘመን የተወለደ አይሞትም» አይባልም፤ እኩዮቻቸው የት እንዳሉ መጠየቅ ነው።

ከኦስካር 7 ታናናሽ እኅቶች አንዷን ላንሣ። በ1983 የመጠቀችው ኦስካር 10 ኮምፒውተሯ የተሠራው በሲዲፒ1802 ላይ ነበር፤ ጸሐፊው የሚያደንቁት ዓይነት፣ በውስጡ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ያሉት የጥንት ቺፕ። የማስታወሻ ቺፖቿን ግን የጠፈር ጨረር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨረሳቸውና ኮምፒውተሯ ከጥቅም ውጪ ሆነ፤ የቀራት ሬዲዮዋ ነበር። በ1988 የመጠቀችው ኦስካር 13 ያንኑ ዓይነት አንጎል ይዛ ስትሄድ ለጨረር የተጠናከሩ የማስታወሻ ቺፖች ተገጥመውላት ነው። ትልቅ ትራንዚስተር የያዘው መረጃ በአንዲት የጨረር ቅንጣት ምት በቀላሉ አይገለበጥም የሚለው የጽሑፉ ሐሳብ ስሕተት የለበትም። ጨረር ግን ሌላም መንገድ አለው፤ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ለዚህኛው የድሮ ቺፖች ወፍራም የኦክሳይድ ሽፋን መከላከያ ሳይሆን ድክመት ነው፤ ኤሌክትሪኩ እዚያ ታጉሮ ይቀርና ትራንዚስተሩ ሲባል የማይዘጋ ይሆናል።

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ከገመቱት በላይ ትክክል ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት እርሳስ የተባለውን ብረት ከኤሌክትሮኒክስ ያገደበት ሕግ ከጁላይ 1፣ 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የብዙ ዕቃዎች እግር ልባጥ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ወደ ንጹሕ ቆርቆሮ ተለወጠ። ንጹሕ ቆርቆሮ በጊዜ ብዛት ከጸጉር የቀጠነ ክር ያበቅላል፤ ክሩ አጠገቡ ያለውን እግር ከነካ ሾርት ነው። በሜይ 1998 ጋላክሲ 4 የተባለው የመገናኛ ሳተላይት ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ እጅግ ብዙ ፔጀሮች (የኪስ መልእክት መቀበያዎች) ጸጥ ሲሉ ተጠያቂ የተደረገው ይኸው ክር ነበር። እርሳስ የተቀላቀለበት የድሮ ልባጥ ይህን ጣጣ ያቃልላል። ስለዚህ ከ2006 በፊት የተመረተ፣ በፋብሪካ ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ የተቀመጠ ዕቃ ሳገኝ ፊቴ ይበራል። ልብ በሉ፤ ያልኩት የታሸገ ነው፤ የተነቀለ አላልኩም።

ፎርጅድን በተመለከተ ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ገንዘቤን በልቶኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ኤስኤ612 የሚባለውን የምልክት መቀላቀያ ቺፕ አሥር ፍሬ በኢንተርኔት ከአንድ የውጭ ሻጭ አዘዝኩ። ይህ ቺፕ ለአማተር ሬዲዮ ሠሪ እንደ በርበሬ ነው፤ የማይገባበት ወጥ የለም። ዕቃው ደረሰ። አሥሩም ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ የቺፕ አምራቹ የኤንኤክስፒ አርማ፣ ከሥሩ 0312 የሚል ቁጥር። አንድ በአንድ የሙከራ ሰርኪዩት ላይ ሰካኋቸው። ሰባቱ ሠሩ። በጸሐፊው ሚዛን ሰባት ጥሩ ቺፕ አገኘሁ ማለት ነው።

ከዚያ ቁጥሩን አነበብኩት። በቺፕ ላይ በብዛት የሚታተመው ባለአራት አሐዝ ቁጥር የተመረተበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራል፤ 0312 ማለት የ2003 ዓመት 12ኛ ሳምንት ነው። ኤንኤክስፒ ግን በ2003 አልተወለደም። ከፊሊፕስ ተለይቶ በዚህ ስም የተጠራው በ2006 ነው። ከመወለዱ ከሦስት ዓመት በፊት የፈረመ ኩባንያ እጄ ላይ ይዣለሁ!

ጥጥ በአሴቶን ነክሬ የአንዱን ጀርባ አሸሁት። ጥጡ ጠቆረ። ከቀለሙ በታች በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ሰው ሠራሽ ሸካራነት ብቅ አለ፤ ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ነበሩ። አንደኛውን እግር የሚያመለክተው ክብ ጎድጓዳ ምልክት በሁለቱ ላይ በቀለም ተሞልቶ ሊጠፋ ደርሷል፤ በሌሎቹ ላይ ጥልቀቱ የተለያየ ነው። ከአንድ ሳምንት ምርት የወጡ ወንድማማቾች እንዲህ አይለያዩም። ሰባቱ ምናልባት ከአሮጌ ቦርድ ተነቅለው የተቀቡ እውነተኛ ቺፖች ናቸው፤ ሦስቱ ምን እንደነበሩ እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን የማወራው በአሴቶን ሁሉ ነገር ይታወቃል ለማለት አይደለም። አሴቶን የማያስለቅቀው ቀለም የሚቀቡም አሉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ ስለቀረ ብቻ አላምንም።

«በቴስተር የሠራ ሠራ ነው» የሚለው አባባል ታዲያ ምን ይጎድለዋል? ቴስተር የሚነግረን ስለ ዛሬ፣ ስለዚህ ክፍል ሙቀት ብቻ ነው። በዝቅተኛ ምህዋር የምትዞር ሳተላይት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ በየዙሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ትሻገራለች። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የድሮዎቹ የሎጂክ ቺፖች በሁለት ቤተሰብ ይሸጡ ነበር፤ በ74 የሚጀምሩት ከ0 እስከ 70 ዲግሪ፣ በ54 የሚጀምሩት ከ55 ከዜሮ በታች እስከ 125 ዲግሪ እንዲሠሩ ዋስትና ያላቸው። ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን የሚለይ ቴስተር የለም፤ እኩል ይሠራሉ። 74ን ፍቆ 54 ብሎ መጻፍ የቀባዩን አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው። ልዩነቱን የምናውቀው ጥላ ውስጥ ስንገባ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሻጩ ስልክ አያነሣም።

አሁን ወደ ንድፉ፣ ማለትም «አይነካም» ወደተባለው። ይህ ነጥብ ከሁሉም የበለጠ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። በርሮ የተመሰከረለት ንድፍ ዋጋ አለው። የተመሰከረለት ግን ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቀን የተገጠመው ዕቃ፣ ያ ምድብ፣ ያ ብየዳ፣ ያ የቦርድ አቀማመጥ ጭምር ነው። ከቦርዱ ላይ አንድ ዕቃ አንሥተን በምትኩ ታሪኩ የማይታወቅ ያው ቁጥር ያለው ዕቃ ስናስቀምጥ ንድፉን ለውጠናል። ለውጡን ወረቀት ላይ ስላላሠፈርነው ብቻ ያልለወጥን ይመስለናል። እኔ የሚታየውን ለውጥ እመርጣለሁ።

ከኛው ጠረጴዛ ልጥቀስ። ልጆቹ የያዙት የመቀበያ ንድፍ ጄ310 የሚባል ባለሦስት ረዥም እግር ትራንዚስተር ይጠይቃል። እግረ ረዥሙ ከዋናው ፋብሪካ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ልጆቹ ሁለት ቅዳሜ በመርካቶና በፒያሳ ሲያስሱ ዋሉ፤ «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው» የተባሉ ስድስት ፍሬ ይዘው መጡ፤ ስድስቱ የሦስት ፋብሪካ አርማ ነበራቸው። ያው ትራንዚስተር ግን ኤምኤምቢኤፍጄ310 በሚል ስም፣ ቦርድ ላይ ተለጥፎ በሚበየድ የሩዝ ፍሬ በሚያህል አካል፣ በአዲስነቱ ይሸጣል፤ በችርቻሮ ከአንድ ዶላር በታች። ውስጡ ያው ነው፤ የተለወጠው ቀሚሱ ነው። ንድፉን ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ቦታውን እንደገና ለመሳል አንድ ምሽት ፈጀብን። ያኔ ነው ከልጆቹ አንዱ፣ ትንሽም ተናድዶ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱን ቅዳሜ ለምን አስፈጁን?» ያለኝ። ፍለጋውን ካላዩት አያምኑኝም ነበር፤ እንዲያውም ይህንኑ ነው የመለስኩለት።

ሁልጊዜ እንዲህ ይቀልላል አልልም። ትራንዚስተር ሲቀየር ቀሚስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ግን ሶፍትዌሩ ሁሉ እንደገና ይጻፋል፣ እንደገና ይፈተናል፤ ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ሥራው ከነባለቤቱ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያንኑ ቺፕ መፈለግ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለጸሐፊው ይህን እሰጣቸዋለሁ። ለዚህም ቢሆን በር አለ፤ እንደ ሮቸስተር ኤሌክትሮኒክስ ያሉ ድርጅቶች ከዋናው አምራች ፈቃድ ይዘው የተቋረጡ ቺፖችን ያከማቻሉ፣ አንዳንዱንም እንደገና ያመርታሉ። ዋጋቸው ያማል፤ ታሪኩ ግን አብሮ ይመጣል። ለማንኛውም ይህ መታሰብ ያለበት ቦርዱ ሲነደፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቦርዱ ታትሞ ካለቀ በኋላ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ያገኘውን ለመቀበል ተገድዷል።

ስለ ውጭ ምንዛሪው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር እንዳለፈ ለኔ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ለጠረጴዛ ሙከራ፣ ለልምምድ፣ ለምድር ጣቢያ ምናለሽ ተራ ይበቃል፤ እዚያ የምናተርፈውን ለበረራው ቦርድ እናውላለን። የበረራው ቦርድ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ዕቃዎች አንድ ፖስታ አይሞሉም፤ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ጥግ ይገባሉ። ውድ የሚሆነው በሁለት መቶ ብር የገዛነው የተቀባ ቺፕ የሁለት ዓመት ሥራ ይዞ ሲወድቅ ነው።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ስለ ሀገር ኩራትም ያነሣል፤ መንግሥት በዲሴምበር 20፣ 2019 ከቻይና ታይዩዋን ያስመጠቃት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው ሳተላይት የውጭ ሥራ ናት፣ የኛዋ ግን ከገዛ ገበያችን ዕቃ ትሠራለች ይላል። ኩራቱን እጋራለሁ። ነገር ግን ከአሮጌ ቴሌቪዥን የሚነቀለው ትራንዚስተርም ሆላንድ ወይም ጃፓን የተሠራ ነው፤ በምናለሽ ተራ በኩል ስላለፈ ዜግነት አይቀይርም። የኛ የሚሆነው ንድፉና ፈተናው ነው።

የቀረው ወረቀት የሚጠይቁ ሰዎች ወጣት ያስደነግጣሉ የተባለው ነው። እኔ ወረቀት መጠየቅን የተማርኩት ከውጭ መጽሐፍ አይደለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት እዚያው አቅራቢያ ጥገና ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሳቸው ቤት አንድም ስም የለሽ ዕቃ አይገኝም ነበር። የነቀሉትን እያንዳንዱን ዕቃ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልለው፣ በክር አሥረው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ወረቀቱ ላይ ከምን እንደተነቀለ፣ መቼ፣ ሲነቀል ይሠራ እንደነበር በእርሳስ ይጽፋሉ። «ከፊሊፕስ ሬዲዮ። ይሠራ ነበር። መስከረም 78።» ያኔ የሽማግሌ ጭንቀት ይመስለኝ ነበር።

ሰፈሩ ሲነሣ ከቆርቆሮዎቹ ሦስቱን ለኔ ሰጡኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ለማጉያው የሚሆን ትራንዚስተር ፈልገው አንዱን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና ወረቀቶቹን እየፈቱ ማንበብ ጀመሩ። የሚፈልጉት ቁጥር ተገኘ፤ እግሮቹ ያብረቀርቃሉ፣ በቴስተርም ልክ ነው። የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውኃ ገብቶበት ከነበረ ቴሌቪዥን። ይሠራል። አትመኑት።»